ሐተታ በእንተ ነጻርያነ ከዋክብት

ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ቀደምት ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ ደኃርትም ሊጨምሩበት የሚቻላቸውን ሁሉ ጨምረውበታል፤ ነገር ግን የሥነ ፈለክ ማኅበራት ሕዝብ ጠርተው ሰማይ በሚያሳዩበት ምሽት፣ ከቴሌስኮፑ ኋላ ቆሞ ተራውን ስለሚጠብቀው ሰው፣ ማለትም ስለ ሰልፈኛው፣ አንዲት ቅጠል የጻፈ ሊቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኮከብ ብርሃኑን ከመስጠት በቀር ጠባይ የለውም፤ ሰልፈኛ ግን ጠባይ አለው፤ ጠባይ ያለው ፍጥረት ደግሞ ሳይመረመር ሊቀር አይገባውም። ስለዚህ ሰማዩን ለባለቤቶቹ ትተን፣ ከቴሌስኮፑ በታች የሚሆነውን ብቻ በመመልከት ይህን ሐተታ አዘጋጅተናል።

አስቀድመን የትውልድ ሐረጉን እንቍጠር። በመጻሕፍታችን ሰማይን በማየት የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው ሄኖክ ነው፤ በስሙ የተጠራው መጽሐፍ ምሉዕ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ ደጆችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ ደጆች ይዘረዝራል። ሄኖክ ግን ይህን ሁሉ ያየው መልአኩ ዑራኤል እየመራው፣ ለብቻው ስለ ሆነ ሰልፍ አልያዘም፤ ከኋላው ሆኖ «ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ!» ያለውም አልነበረም፤ ስለዚህ ለጥናታችን የሚሰጠው ማስረጃ እምብዛም ነው። የሰልፉ አባት ሌላ ነው። ጆን ዶብሰን በካሊፎርኒያ በቬዳንታ ገዳም 23 ዓመት የመነነ ሰው ነበር፤ ከመርከብ መስኮት የተረፈ ወፍራም መስተዋት እየሞረደ ቴሌስኮፕ ይሠራ፣ ከግቢ እየወጣም ለጎረቤቱ ሰማይ ያሳይ ነበርና፣ ከገዳሙ ርቆ ማምሸቱ ስለ በዛ እ.ኤ.አ. በ1967 ተሰናበተ፤ በማግሥቱ ዓመትም በየመንገዱ ማእዘን ቴሌስኮፕ ተክሎ አላፊ አግዳሚውን የሚጠራ ማኅበር መሠረተ። ስለ ሰማይ ሊሰብክ ከገዳም የወጣ ብዙ ነው፤ ሰማይን ስላሳየ ከገዳም የተሰናበተ ግን ከእርሱ በቀር አላጋጠመንም።

በሀገራችን ይህን ሥራ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2004 በ47 ሰዎች የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው፤ ነገሩም እየሰፋ ሄዶ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው እንጦጦ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እስኪተከሉ ደረሰ። ይኸው ተራራ ለወጣበት ሰው ሰማይን ሲያቀርብ፣ ከግርጌው ለቀረው ሰው ደግሞ የሰሜንን ኮከብ ይጋርዳል፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ስላለች ኮከቡ ከአድማስ የሚነሣው ያንኑ ያህል ነውና። የእንጦጦ ሥር ነዋሪ እንግዲህ ሰሜን ወዴት እንደ ሆነ የሚያውቀው በጋረደው ነገር ነው።

ስለ ወራቱ ባጭሩ እንናገር። በነሐሴ 6 እና 7 ፐርሲድ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች በብዛት ይዘንባሉ፤ ከእነርሱ ሥር ሌላ ዝናም ስለሚዘንብ ግን ያየ የለም። ስለዚህ ምልከታው በበጋ ይሆናል፤ በጋ ሲባልም የታኅሣሥን ሌሊት የሚያውቅ ጋቢውን ይዞ ይመጣል፤ የማያውቀው የሌላውን ጋቢ ጫፍ ይሻማል።

ዐይን ከጨለማ ጋር በደንብ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አስተናባሪዎቹም ስለዚህ ቀይ መብራት ብቻ ይይዛሉ። ሰልፈኛው ይህን ምክር በጥሞና ሰምቶ፣ ራሱንም በአድናቆት ነቅንቆ፣ ዐይኑ ሊበራለት አንድ ደቂቃ ሲቀረው የስልኩን ባትሪ አብርቶ የወደቀበትን ቍልፍ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ዐይን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። አልፎ አልፎ በሰፈሩ የሚደርሰው የመብራት መጥፋት፣ በሌላው ሙያ ሁሉ እንደ ጉዳት ሲቈጠር፣ ለሥነ ፈለክ ከተደረገው ድጋፍ ሁሉ ፍጹም ነጻና ሳይለመን የሚመጣ ቢሆንም፣ እስካሁን የምስጋና ደብዳቤ የጻፈ ማኅበር እንዳለ አልሰማንም።

ሰልፈኛው በነገድ የተከፋፈለ ነው። ዋጋውን የሚጠይቅ አለ፤ አሜሪካውያን ጨረቃ ላይ የተከሉትን ባንዲራ ካላየሁ የሚል አለ፤ በምድር ላይ ያንን የሚያሳይ ቴሌስኮፕ የለም ሲባልም የተደበቀው እንዳለ ገብቶት ዝም ይላል። ከሁሉ የሚከብዱት ግን ዐውደ ነገሥትን በዝና የሚያውቁት እናት ናቸው። «ልጄ፣ የኔ ኮከብ ዐቅራብ ነው ይሉኛል፤ እስቲ ዘንድሮ ምን ይዞልኝ መጥቷል?» ሲሉ፣ የፊዚክስ ተማሪው አስተናባሪ በትሕትና፣ «እማማ፣ እኛ እኮ ኮከብ አንቈጥርም» ይላቸዋል። «ታዲያ ሳትቈጥሩት ነው ይህን ሁሉ ሰው በብርድ የምታቆሙት?» ይሉታል። ለዚህ ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ የተሰጠ መልስ የለም።

የጥናታችን ልብ ያለው ግን ሰልፈኛው ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ባስጠጋበት ቅጽበት ነው። የሳተርን ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅበት፣ ብርሃኑ ከዚያ፣ ሰልፈኛው ከሰልፉ ጅራት አንድ ላይ ተነሥተው ቴሌስኮፑ ዘንድ እኩል የሚደርሱበት ምሽት ብዙ ነው። ሁለቱም ደክመዋል። በዚህ መካከል ምድር መዞሯን አልተወችምና ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይሸሻል፤ የቴሌስኮፑ እይታ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ከሆነ፣ በሞተር የማይከተል ቴሌስኮፕ ውስጥ ፕላኔቱ ቢበዛ 2 ደቂቃ ቈይቶ ይወጣል። ሰልፈኛው ጋቢውን ሲሰበስብ፣ የትኛውን ዐይን እንደሚጨፍን ሲያማክር፣ እንዳይወድቅም የቴሌስኮፑን አንገት ጨብጦ ወደ ሌላ የሰማይ ክፍል ሲያዞረው ይህ ጊዜ ያልፋል። ከዚያም ቀና ብሎ «አየሁ» ይላል።

አየሁ አለ፤ በእውነት አይቶ ነው። አንድም፣ አንዳች ነጭ ነገር አይቶ፣ ይሁን አይሁን ሳይለይ፣ የደከሙት ልጆች እንዳያዝኑ ሲል ነው። አንድም፣ የገዛ ሽፋሽፍቱን አይቶ ነው፤ ሽፋሽፍትም ከሚታዩ ነገሮች ወገን ነውና ሐሰት አልተናገረም። አንድም፣ ከፊቱ የነበሩት ሁሉ አየን ብለው ሳለ እርሱ ብቻ ዕውር ላለመባል ነው። አንድም፣ ከኋላው የቆመው ሕዝብ በብርድ እየተንቀጠቀጠ «አላየሁምና እንደ ገና አስተካክሉልኝ» ማለት ነውር ስለሆነበት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የኋለኛው እንደ ሆነ፣ የሀገራችን ሥነ ፈለክም ከመስተዋት ይልቅ በይሉኝታ የቆመ መሆኑን ለመናገር እንደፍራለን። የቴሌስኮፑ ክዳን ሳይነሣ ቢረሳ እንኳ፣ ብዙ ሰው «ግሩም ነው፣ ዕፁብ ነው» እያለ ያልፋል ብሎ መገመት ከዚህ መደምደሚያ ጋር አይጋጭም።

ታማኝ ምስክር ሆኖ የተገኘው አባቱ ያቀፈው ሕፃን ብቻ ነው። «አየህ፣ ማሙሽ?» ሲባል፣ «ጨለማ ነው» ይላል፤ አባቱም አፍሮ ያወርደዋል፤ አስተናባሪው ግን ጎንበስ ብሎ ቴሌስኮፑን ያስተካክላል። ጋሊሌዮም እ.ኤ.አ. በ1610 ሳተርንን ባየ ጊዜ ፕላኔቱ ሦስት አካል መስሎት እንደ መሰለው ጻፈ፤ ቀለበት መሆኑን ሁይገንስ በ1659 እስኪያስረዳ ድረስ ወደ ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ። ጋሊሌዮ ይህን ያህል ግልጽ ሊሆን የቻለው ከኋላው ሰልፍ ስላልነበረ ነው። ቀለበቱን በርግጥ ያየ ሰልፈኛ ግን ወዲያው ይታወቃል፤ አየሁ አይልም፤ ወደ ቴሌስኮፑ ፊት ዞሮ የተለጠፈ ሥዕል እንዳለ ይፈልጋል።

በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ በዚህ ሐተታ ያላካተትነው፣ ሁሉም በየመነጽሩ በአንድ ጊዜ ስላየው፣ ሰልፍም ስላልነበረው ነው።

በመጨረሻ ለሊቃውንቱ የምናሳስበው አንድ ጉዳይ አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱም አቦል ተባለ። ቡና በአንድሮሜዳ ክልል ያለ፣ ያለ መሣሪያ የማይታይ ኮከብ ነው፤ አቦልም አንድ ጊዜ ዞሮ ለመመለስ ወደ 1,000 ቀን የሚጠጋ ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ በሀገራችን ከሚታወቁት አቦሎች ሁሉ የዘገየው ነው። ሁለተኛ ፕላኔት ቢገኝ ቶና፣ ሦስተኛም ቢገኝ በረካ እንደሚባል የሚከራከር አይኖርም። አራተኛ የተገኘ እንደ ሆነ ግን፣ ጀበናው ታጥቦ ረከቦቱ ከተነሣ በኋላ ስለሚመጣ እንግዳ በሥርዓታችን የተደነገገ ስም ባለመኖሩ፣ ማኅበሩ ከወዲሁ ጉባኤ ቢያደርግበት ይሻላል።