ቸኮሌት በአዋዜ

የሰፈራችን ወጣት ጋጋሪዎች ሰሞኑን ባዶ ዳቦ መጋገርን እንደ ነውር ቆጥረውታል። ድፎ በጥቁር አዝሙድና በኮባ ቅጠል ብቻ ስንት ዘመን ተከብሮ እንደኖረ ማን ያስታውሳቸው! ዳቦው ሆድ ውስጥ የግድ አንድ ነገር ይሸሸጋል፤ የሚሸሸገውም እርስ በርሱ የተኳረፈ መሆን አለበት፦ ቸኮሌት ከአዋዜ፣ አይብ ከማርማላታ፣ ሙዝ ከሰናፍጭ።

ሥራው ግን የዋዛ አይደለም። እርሾ 60 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስ ይሞታል፤ ጨው ሲበዛበት ይለግማል፤ ቀረፋ ሊጡ ውስጥ ከበዛም ኩፍ ማለቱን ይተዋል። አይቡ በደንብ ካልተጠነፈፈ የዳቦው ሆድ ጭቃ ነው። አፉ በወጉ ካልተገጠመ ደግሞ ቸኮሌቱ ምድጃ ውስጥ ሾልኮ ያመልጣል። አስተዋይ ቸኮሌት ነው፤ ከማን ጋር እንዳዳበሉት አይቷል። (የመብራቱን መጥፋት አላነሳም፤ እሱ ከአሠራሩ ጋር የተቆጠረ ነው።)

እንግዳው ይጎርሳል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል። «እንዴት ነው?» ሲባል፣ «የተለየ ነው» ይላል። በእኛ ጨዋነት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ጋጋሪዋ ግን እንደ ምርቃት ሰምታው ሌላ ሦስት ትጠቀልልለታለች፤ «ለልጆቹም ይዘህላቸው ሂድ!»