ለሚሰበር ዕቃ ውዳሴ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ባለ መስታወት ኤር ፍራየር፣ በጋለ አየር ምግብ የሚጠብስ ዕቃ፣ ገዝቶ ለምርጫው የሚሟገት ሰው ይህ ተረት ሳይወረወርበት አይቀርም። ወርዋሪዎቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ዕቃው ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ተመሳሳይ መጠን ካለው ባለ መሳቢያ ይወደዳል። ጥቁሩ ባለ መሳቢያ ግን ቀላል ነው፤ ከእጅ ቢያመልጥ ይጎደጉድ ይሆናል እንጂ አይበተንም፤ በየሱቁም ሞልቷል። ቀላሉን፣ ጠንካራውንና ርካሹን ትቶ ከባዱን፣ ተሰባሪውንና ውዱን መሸከም ሞኝነት ከተባለ፣ ይህን ሞኝነት ላመሰግነው ነው የተነሣሁት። ነቀፌታዎቹን አልክድም። እንዲያውም ጉድለት ተብለው የተቆጠሩት ነገሮች ቀርበው ሲታዩ ዕቃውን የምንመርጥበት ምክንያት ሆነው ይገኛሉ።

ሁለቱ ዕቃዎች በሥራቸው አይለያዩም። ከላይ የሚግል የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፤ አጠገቡ ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚግለው አየር በጠባብ ቦታ ምግቡን እየዞረ ይመታዋል። የምግቡ ገጽ ይደርቃል፣ ከዚያ ይቀላል። ሳምቡሳውም ሆነ ድንቹ በዘይት መዋኘት ሳያስፈልገው በአንድ ማንኪያ ዘይት ይደርሳል፤ የዘይት ዋጋ በሚያስጨንቅበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ዊልያም ማክስሰን በ1940ዎቹ ለአውሮፕላን ተሳፋሪዎች የቀዘቀዘ ምግብ የሚያሞቅ ባለ ማራገቢያ ምድጃ ሠርቶ ነበር። ኤር ፍራየርን በዛሬው መልኩ በሰፊው ያስተዋወቀው ደግሞ የሆላንዱ ፊሊፕስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን ውስጥ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ። ልዩነቱ ያለው ምግቡን በሚይዘው ክፍል ላይ ብቻ ነው። አንደኛው የማያጣብቅ ጥቁር ሽፋን የተቀባ የብረት መሳቢያ ነው። ሌላኛው ሽቦውና ማራገቢያው እንደ ክዳን ከላይ የሚገጠምበት የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ነው። ሃሎጂን ምድጃ የሚባሉት ትላልቅ ባለ መስታወት ዕቃዎች ከኤር ፍራየር በፊትም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኒንጃ ክሪስፒ የተባለው ባለ መስታወት ኤር ፍራየር ገበያ ላይ ሲውል መስታወቱ እንደገና የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆነ።

ይህን ዕቃ የገዛ ሰው አንድ ልማድ ያወጣል፦ ፊቱ ቁጭ ብሎ ያፈጥጣል። ሰዓቱን ሞልቶ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ሲችል ድንቹ ሲቀላ ያያል። የቤት ሰው ይታዘበዋል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የወጥ ቤት ልማድ አላውቅም፤ ምክንያቱም ቀለም ስለ ጤና የሚናገረው ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎችና የምግብ ባለሥልጣን አክሪላማይድ የተባለው ኬሚካል ስታርች ባላቸው ምግቦች ውስጥ ሲጠበሱና ሲጋገሩ እንደሚፈጠር ይፋ አደረጉ። አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድና ስኳር ከ120 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በደረቅ ገጽ ላይ ሲገናኙ ይወለዳል። ለተጠበሰ ነገር መዓዛና ቀይ መልክ የሚሰጠው ያው ሂደት፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚዬ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሂደት ነው ይህንንም የሚያመጣው። አክሪላማይድ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ካንሰር ማምጣቱ ታይቷል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚሠጋባቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለሕዝቡ የሰጠው ምክር አጭር ነበር፦ ድንችና ዳቦ ወርቃማ ቢጫ ሲሆኑ አውጧቸው፣ እስኪጠቁሩ አትጠብቁ። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ለምግብ አምራቾች ደንብ አወጣ።

ምክሩ የሚሠራው ግን ለሚያይ ሰው ነው። በዝግ መሳቢያ ውስጥ ወርቃማው ወደ ቡናማ፣ ቡናማው ወደ ጥቁር የሚሻገርበትን ደቂቃ ማን ያውቃል? ሰዓቱ አያውቅም። አንዱ ድንች እርጥብ ነው፣ ሌላው ደረቅ። ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ጥሬ ድንች ደግሞ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ በአንድ ዓይነት ሙቀትና በአንድ ዓይነት ደቂቃ ከሌላው ቀድሞ ይጠቁራል። መሳቢያውን እየሳቡ ማየት ይቻላል፤ በተሳበ ቁጥር ግን ማራገቢያው ይቆማል፣ ሙቀቱም ይወጣል። አንዳንድ አምራቾች አሁን መሳቢያው ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት መግጠም ጀምረዋል፤ ይህን ሳይ ማፍጠጥ ተገቢ መሆኑን እነሱም እንዳመኑ እቆጥረዋለሁ።

ስለ መሰበሩ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የክርክሩ ልብ እዚህ ላይ ነው።

ጥቁሩን ሽፋን ብዙዎቻችን ቴፍሎን እንለዋለን። የኬሚካል ስሙ ባጭሩ ፒቲኤፍኢ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1938 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የዱፖንት ኬሚስት የነበረው ሮይ ፕላንኬት ለማቀዝቀዣ ጋዝ መሥሪያ የሚሆን ጋዝ ያጠራቀመበትን ሲሊንደር ከፈተ፤ ጋዙ አልወጣም፤ ክብደቱ ግን እንዳለ ነው። ሲሊንደሩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭ የሚያንሸራትት ዱቄት ተገኘ። ከዓመታት በኋላ በፈረንሳይ ማርክ ግሬጓር ይህን ነገር አሉሚኒየም ላይ ማጣበቅ ቻለ፤ ቴፋል የተባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1956 ከዚያ ተወለደ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ይህ ሽፋን መጎዳት የሚጀምረው ከ260 ዲግሪ ግድም በላይ ነው፤ ኤር ፍራየር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 አያልፍም። ስለዚህ ባለ መሳቢያ ያላቸውን ሰዎች በመርዝ ጭስ ላስፈራራ አልፈልግም።

እኔን የሚያሳስበኝ አረጃጀቱ ነው። ሽፋኑ በአንድ ቀን አይሞትም። በሹካ ይጫራል፣ በሽቦ ይፈገፈጋል፣ ማዕዘኑ ላይ ይላጣል። ጥቁር ስለሆነ የተላጠው ወዲያው አይታይም። ሰው ዕቃው ማለቁን የሚያውቀው ዓሣው ሲጣበቅበት ነው፤ ያን ጊዜ የጎደለው ሽፋን ወዴት እንደሄደ መገመት አይከብድም። የመስታወት ሳህን እንዲህ አያደርግም። ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ይታያል፣ ጠርዙ ቢጎረድ ጣት ይነግራል፣ ቢሰበር ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ማለቁን በግልጽ የሚያሳውቅ ዕቃ ቀስ በቀስ ከሚሞት ዕቃ ይልቅ ለባለቤቱ ታማኝ ነው። መሰበር የሚችል መሆኑን የማመሰግነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ሒሳብ አለ፤ የሚወራረደው ግን ከወጥ ቤታችን ውጭ ነው። ፒቲኤፍኢ ሲመረት ለረጅም ዘመን ፒኤፍኦኤ የተባለ ረዳት ኬሚካል ያስፈልግ ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ፣ ፓርከርስበርግ አጠገብ ያለው የዱፖንት ፋብሪካ ይህን ኬሚካል ወደ ኦሃዮ ወንዝና ወደ አካባቢው ለቀቀው፤ የመጠጥ ውኃቸው የተበከለባቸው ሰዎች በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። የተጎጂዎቹ ጠበቃ ሮበርት ቢሎት ጉዳዩን ለዓመታት ተከራክሮበታል። በፍርድ ቤት ስምምነት የተቋቋመው የሳይንቲስቶች ቡድን ኬሚካሉ የኩላሊትና የቆለጥ ካንሰርን ጨምሮ ከስድስት ሕመሞች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ደመደመ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ3,500 በላይ ክሶች በ671 ሚሊዮን ዶላር ተዘጉ። ዛሬ ፒኤፍኦኤ በአሜሪካ ከምርት ወጥቷል። የሚገኝበት ትልቅ የኬሚካል ቤተሰብ ግን አልወጣም፤ ፒቲኤፍኢም ራሱ የዚያው ቤተሰብ አባል ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ይህ ሥጋት ሕግ አስወጥቷል። ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆን ተብሎ የዚህ ቤተሰብ ኬሚካል የተጨመረበት የምግብ ማብሰያ ዕቃ እዚያ መሸጥ ተከልክሏል። ሕጉ የሚጠራው በአማራ ስትራንድ ስም ነው፤ በተበከለ አካባቢ ያደገች፣ በጉበት ካንሰር ታማ እያለች በሕግ አውጪዎች ፊት ቀርባ የተናገረች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ20 ዓመቷ ያረፈች ወጣት ናት። ድንች ስንጠብስ ፋብሪካው አጠገብ ውኃ የሚቀዳ ሰው እንዳለ ማሰብ የዋህነት ከተባለ፣ ያ የዋህነት ይብዛልን እላለሁ።

በሚሰበር ዕቃ ማብሰል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ሸክላ ነው። አዲስ ሲገዛ ይሟሻል፤ በጋገሩ ቁጥር በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ዘይቱ ከሙቀቱ ጋር ሸክላው ላይ እየተዋሐደ እንጀራው እንዳይያዝ ያደርገዋል። ኤሌክትሪክ ሲመጣም ሽቦው ከሥሩ ገባ እንጂ ሸክላው ከላይ ቀረ። ምጣድ እንደሚሰበር እያወቁ እናቶቻችን ብረት አልመረጡም፤ ይጠነቀቁለት ነበር። የጥንቃቄው ልማድ እጃችን ላይ ስላለ መስታወት ለመያዝ ከሌላው ዓለም ይልቅ እኛ እንቀርባለን።

በመስታወት መጋገር ራሱ የተጀመረው ሞኝነት በሚመስል ሥራ ነው። የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ለባቡር ፋኖስ ዝናብና በረዶ ሲመታው የማይሰነጠቅ መስታወት ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ቤሲ ሊትልተን የምትጋግርበት ዕቃ ቢሰነጠቅባት፣ የኩባንያው የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ባሏ ጄሲ ለባትሪ የተሠራ የመስታወት ገንቦ ቂጡን አስቆርጦ አመጣላት። እሷም ኬክ ጋገረችበት፤ ኬኩ እኩል በስሎ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓይሬክስ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ኦቶ ሾት የና ከተማ ውስጥ ቦሮን የተጨመረበትን መስታወት፣ ቦሮሲሊኬትን፣ ሠርቶ ነበር። ይህ መስታወት ሲግል የሚለጠጠው ከተራው መስታወት ሲሶ ያህል ብቻ ነው። መስታወት በሙቀት የሚፈነዳው አንዱ ጎኑ ተለጥጦ ሌላው ሳይለጠጥ ሲቀር ስለሆነ፣ ትንሽ የሚለጠጥ መስታወት የሙቀት ለውጥን በደንብ ይችላል።

ክብደቱና ዝግታው ብዙ ወሬ አይፈልጉም። አዎ፣ መስታወት ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም እጅግ በዘገየ ፍጥነት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ መክፈት ያስፈልጋል። የያዘውን ሙቀት ግን ቶሎ አይለቅም። ከማብሰያው ወደ ማዕድ በዚያው ሳህን ይቀርባል፣ ጥቂት ዘግይቶ የሚደርስም ለብ ያለ ምግብ ያገኛል። ሲታጠብም የቀረው ቅባት ስለሚታይ ታጥቧል ብሎ ራስን ማታለል አይቻልም።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ልብ ይበል። መስታወት የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ቦሮሲሊኬት አለ፣ በሙቀት የተጠናከረ ተራ መስታወትም አለ፤ ሁለተኛው ሲጥሉት ይጠነክራል፣ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ግን አብዝቶ ይጎዳዋል። ውስጡ የሚቀመጠው፣ ምግቡ የሚያርፍበት መደብ ሽፋን ሊኖረው ይችላል፤ መስታወት ገዝቶ ቴፍሎን ላይ ማብሰል እንዳይሆን መደቡ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የጋለውን ሳህን እርጥብ እብነ በረድ ላይ አታሳርፉ፤ ደረቅ ጨርቅ ወይም የእንጨት ማሳረፊያ አድርጉለት። ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱበት። በሽቦ አትፈግፍጉት፤ ጭረት መስታወትን ያደክማል። ጠርዙ የተጎረደውን ሳህን ደግሞ ሳታመነቱ ተዉት።

ገበያ ስትወጡ ሻጩን መስታወቱ ቦሮሲሊኬት ነው ወይ፣ መደቡ ከምን ተሠራ፣ ሳህኑ ቢሰበር ብቻውን ይገዛል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ለሦስቱም መልስ ካለው ግዙ፤ ከሌለው ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።