ሁለት ጠቅ ወደ ግራ

አንድ ጥይት ተኩሶ ወዲያው እጁን ወደ ጠመንጃው መነጽር መዘውር የሚሰድ ሰው ያናድደኛል። የሚያናድደኝ ነገር ብዙ ነው፤ ይኼ ግን ይለያል። ጥይቷ ከኢላማው መሐል ሦስት ኢንች ወደ ቀኝ አረፈች እንበል። ሰውየው ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ «ሁለት ጠቅ ወደ ግራ» ይልና ያዞራል። ሁለተኛዋ ወደ ግራ ታልፋለች። «አበዛሁት መሰለኝ!» አንድ ጠቅ ይመልሳል። ሦስተኛዋ ወደ ታች ትወርዳለች፤ አሁን ተራው የላይኛው መዘውር ነው። ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሽ ያዞረ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ ከታች «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ! ቅድም የነበረበት መልሰው!» የሚል አለ፤ ላይ ያለው ደግሞ ቅድም የት እንደነበረ ረስቶታል። ዲሹ ግን ቢያንስ በሞከሩት ቁጥር ጥይት አይበላም።

ሰውየው የእህቴ ባል ነው። ቨርጂኒያ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ በኅዳር አጋዘን አድነው ሥጋውን በፌስታል ሲያከፋፍሉ አይቶ ቀናና ጠመንጃ ገዛ፤ ባለ .308። ላዩ ላይ መነጽር አሰካ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ከእንቅልፌ ቀስቅሶ ሬንጅ፣ የተኩስ መለማመጃው ቦታ ይወስደኛል። የእኔ ድርሻ በትልቁ መነጽር ኢላማውን እያየሁ ጥይቷ የት እንዳረፈች መናገር ነው። ስናገር ግን አያምነኝም። «አንተ ልጅ፣ ደህና አድርገህ እይ እስቲ!» ይለኛል። እኔ ልጅነቴ ካለፈ ዘመን ሆኖታል፤ ግን ምን ይደረግ፣ የእህት ባል ነው።

ሬንጁን ግን እወደዋለሁ። ኃላፊው «ተኩስ አቁም!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ሰው እጁን ከመሣሪያው አንስቶ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። በሕይወቴ ተኩስ አቁም ተብሎ ወዲያው ሲቆም ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ወደ ጠቃችን እንመለስ። በብዙዎቹ የአሜሪካ መነጽሮች ላይ አንዷ ጠቅ የደቂቃ ሩብ ናት። ደቂቃዋ የማዕዘን ናት፤ አንድ ዲግሪ ለስድሳ ተካፍሎ። በመቶ ያርድ ርቀት ላይ አንድ ኢንች ያህል ትሆናለች፤ ስለዚህ አንዷ ጠቅ ጥይቷን ሩብ ኢንች፣ ሁለቷ ግማሽ ኢንች ብቻ ነው የሚያነቃንቋት። እንግዲህ አስቡት፦ ሦስት ኢንች ወደ ቀኝ የነበረችው ጥይት በሁለት ጠቅ ተነሥታ ግራ የደረሰችው በምን ተአምር ነው? መዘውሩ አላደረሳትም። ያደረሳት የእህቴ ባል ትከሻ ነው፤ ቃታውን እንደ በር ደወል የሚጠልዘው ጣቱ ነው። ሦስት ወይም አምስት ጥይት አንድ ቦታ አልሞ ተኩሶ፣ የቀዳዳዎቹን መሐል አይቶ፣ ያን ለክቶ አንድ ጊዜ ማዞር ነው ሥራው። ሦስት ኢንች ከሆነ አሥራ ሁለት ጠቅ፤ አለቀ። ይህን ስነግረው «አሥራ ሁለት አይበዛም?» አለኝ።

አንድ ኢንች ያህል ስል ደግሞ ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ሽበታም ሰውዬ ዞር ይላሉ። «1.047» ይላሉ። ልክ ናቸው። በመቶ ያርድ ላይ ትርፏ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ብትበልጥ ነው፤ ጥይቷ ራሷ ስምንት ሚሊ ሜትር ልትሞላ ምንም አይቀራት። እኒህ ሰው ግን ያቺን ትርፍ ይዘው ኖረዋል፤ ይዘዋትም ይሞታሉ። «ሚል» በሚባለው መለኪያ የሚቆጥረውን መነጽር ብትገዛ እኮ በመቶ ሜትር አንዷ ጠቅ አንድ ሴንቲ ሜትር ናት፣ ጭቅጭቅ የለም ብዬው ነበር ለዘመዴ። «አሜሪካ መጥቼ በሴንቲ ሜትር አልተኩስም» አለኝ። አሥራ ሦስት ወር የሚቆጥር ሰው እኮ ነው እንዲህ የሚለው።

አጎቴ ደግሞ አሉ፤ ከጎጃም በስልክ የሚመክሩን። «እኛ በውጅግራ፣ በምንሽር፣ በዓይናችን ብቻ ነበር፤ ምን ይሁን ብላችሁ ነው መስተዋት የምትጭኑበት?» ይላሉ። የእህቴ ባል ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል፤ የአያቶቹ ዓይን በደሙ ያለ ይመስለዋል። እሱ የማያስታውሰው ግን የእነዚያ አያቶች ጥይት ገንዘብም እንደነበረች ነው፤ በአገራችን ገበያ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ መገበያያ ሲዘዋወር ኖሯል። ኪሱ ያለውን ብር የሚተኩስ ሰው ደግሞ አስቦ ነው የሚተኩሰው። የኛ ሰውዬ በክሬዲት ካርድ ነው የሚተኩሰው።

ነገሩ ሁሉ የሚያጣድፈው ጾሙ ነው። የቨርጂኒያ የጠመንጃ አደን ወቅት በኖቬምበር አጋማሽ ይከፈታል፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 መሆኑ ነው። ስለዚህ የኛ ሰው መብላት የሚችልበት የአደን ወቅት ከሳምንት ብዙም አይዘልም። ፈረንጆቹ ራሳቸው ታንክስጊቪንግን አብዛኛውን ጊዜ ጾማችን ውስጥ ነው የሚጥሉብን፤ በዚያ ላይ የአደኑ ወቅት ሲጨመር የታሰበበት ይመስላል። ከ24 በኋላ የተገደለ አጋዘን ፍሪዘር ገብቶ ገናን መጠበቅ አለበት። ፍሪዘሩ ደግሞ የእህቴ ነው፤ የገና ዶሮዎችም ይጠብቃሉ። በስመ አብ ሳይባል የተገደለ ይበላል ወይ የሚለውስ? የእህቴ ባል ይህን ፈትቶታል፤ ቃታውን ከመሳቡ በፊት በስመ አብ ይላል። ልምድ ሆኖበት ለኢላማው ወረቀትም ይላል። ከዚያ ደግሞ ክትፎው አለ። አንዳንዱ «የአጋዘን ክትፎ ጮማ ስለሌለው ቂቤ ይበዛበታል» ይላል፤ ሌላው «ጥሬውን ማን ይነካዋል!» ይላል። በዚህ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ በዚያ ላይ በሰሜን ቨርጂኒያ አጋዘኖች ላይ አመንምኖ የሚገድል በሽታ ከተገኘ ዓመታት አልፈዋል፤ ሥጋው እንዲመረመር ይመከራል። ጥብስ ይሁን፣ በደንብ ይብሰል፣ ሮዝመሪ ይጨመርበት። ቃሪያው በመጨረሻ።

ከመነጽሩ በጣም ራቅሁ። ያራቀኝ ንዴት ነው መሰለኝ፤ ስለ ሱቁ ላለመናገር ብዬ ነው።

ጠመንጃውን የገዛበት ሱቅ «ተስተካክሎ ነው የሚወጣው፣ ቀጥታ ወደ ጫካ!» ብሎ ሸኝቶታል። ያደረጉት ምንድን ነው? አፈሙዙ ውስጥ ሌዘር ሰክተው፣ ቀዩ ነጥብ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ የመነጽሩን መስቀል ከነጥቡ ጋር ማገናኘት። ይኼ ጥይቷ ወረቀቱ ላይ እንድታርፍ ይረዳል፤ ከዚያ በላይ አይደለም። የኋላውን ብረት አውጥተህ በአፈሙዙ ቀዳዳ በዓይንህ ብታይም እዚያው ትደርሳለህ። ከዚያ በኋላ 25 ያርድ ላይ መተኮስ አለ፤ ከዚያ መቶ ያርድ። የእህቴ ባል ጠመንጃ በመጀመሪያው ቀን በመቶ ያርድ ስድስት ኢንች ወደ ቀኝ ነበር የሚመታው። ወረቀት ላይ ስድስት ኢንች መሳት ቀዳዳ ነው፤ ማንም አይሞትበትም። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ግን ስፋቱ ከስምንት እስከ አሥር ኢንች ነው፤ መሐሉን አልመህ ስድስት ኢንች ከሳትህ አንጀት ነው፣ ወይም የተሰበረ እግር ነው። እንስሳዋ አንጀቷን ይዛ ጫካ ትገባለች፤ ቀኑን ሙሉ ትሞታለች። ተኳሹ ደግሞ «ነክቼያት ነበር» እያለ በርገር ይበላል። ለአንድ ፓኬት ጥይትና ለግማሽ ቀን ሰስቶ ሕይወት ያለው ነገር ላይ የሚተኩስ ሰው አዳኝ አይባልም። «ቀጥታ ወደ ጫካ» ብሎ የሚሸጥለትም ነጋዴ አይባልም። ሌላ ስም አላቸው፤ አልጽፈውም።

እሺ፣ ተረጋጋሁ።

የእህቴን ባል በዚህ አላማውም፤ ወረቀት ላይ ደጋግሞ ሳይመታ ጫካ አልገባም ብሏል። በመነጽሩም ዋጋ ከፍሏል። ዓይኑን አስጠግቶ ሲተኩስ ጠመንጃው ወደ ኋላ መታውና የመነጽሩ ጠርዝ ከቅንድቡ በላይ ግማሽ ጨረቃ ቀደደለት። ዓይንና መነጽር መሐል አራት ጣት ያህል መራቅ አለበት፤ የሚነግረው ሰው ሞልቶ ነበር። እሑድ በፕላስተር ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሴቶቹ እህቴን በጎን ነበር የሚያዩአት።

ጠቅ ጠቁ ለምን እንዳልረዳው የታወቀው አንድ ቅዳሜ ነው። ጥይቶቹ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፤ ያ ሁሉ «ሁለት ጠቅ»። ሽበታሙ 1.047 ተነሥተው መጡና መነጽሩን የያዘውን ቀለበት በሁለት ጣት ነካ አደረጉት። ብሎኑ በጥፍር ዞረ። በጥፍር! ብሎኑን አጠበቁለት፤ አመሰገናቸው፤ ተኮሰና ሦስቱ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው አረፉ። እጁ ግን ወዲያው ወደ መዘውሩ ሄደ። እኔ ሳልይዘው በፊት እሳቸው ያዙት።

አሁን ክርክሩ ሌላ ሆኗል። በመቶ ያርድ መሐሉን ይምታ ወይስ ሁለት ኢንች ከፍ ብሎ ይምታና በሁለት መቶ ያርድ መሐል ይግባ? ሽበታሙ መቶ ይላሉ፤ የቨርጂኒያ ጫካ ከመቶ በላይ የት ያሳያል ነው ነገሩ። አጎቴ ደግሞ «ቅረብና ተኩስ» ብለዋል። ትናንት ማታ ደወለልኝ፤ የለመደው ባለ 168 ግሬን ጥይት አልቆ ሱቁ ያለው 150 ብቻ ነው። «ልዩነት አለው እንዴ?» አለኝ። አለው፤ ክብደቱ ሲለወጥ ጥይቷ ሌላ ቦታ ልታርፍ ትችላለችና እንደገና ወረቀት ላይ መሞከር ነው ልለው አፌን ስከፍት ወሬውን ወደ ጫማ አዙሮታል። ውኃ የማያስገባው ቦት ይሻላል ወይስ ቀላሉ? ስለ ጫማ ደግሞ እኔ የራሴ አቋም አለኝ።