ተከራዩስ የት አለ?

«ሊትሪም ቤት ርካሽ ነው አሉ፤ ለኪራይ የሚሆን አንድ ልግዛ?»

የትኛዋ ሊትሪም?

«እንዴ! ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ካውንቲዎች ሁሉ ሕዝቧ ትንሽ የሆነው፣ ያቺው ናታ!»

እሷው ናት። በ2022 ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ) 35,199 ሰው ነው የተገኘባት፤ ከታላቁ ረሃብ በፊት በ1841 ከ150,000 በላይ ነበር። ያ ጥቂት ሕዝብ ታዲያ ፊቱን ወደ አንድ ወገን አላዞረም። ደቡቡ የዱብሊንን ባቡርና ኤን 4 የሚባለውን አውራ ጎዳና ያያል። ማኖርሃሚልተንና ድሮማሄር ዋናው ሆስፒታላቸውም ኮሌጃቸውም ስላይጎ ነው። ሰሜን ጥግ ያለችው ኪንሎክ ደግሞ ጉዳይዋ ሁሉ ዶኒጎል ውስጥ ካለችው ቡንዶራን ጋር ነው። «ሊትሪም ገዛሁ» ያለኝ ሰው ገና ምንም አልነገረኝም።

«እኔ ካውንቲዋን መርጫለሁ፤ ካሪክ ኦን ሻነን ውስጥ ብቻ፣ ከሊትሪም ንቅንቅ አልልም።»

የሻነንን ወንዝ ድልድይ ተሻገር። ኮርቶበር ይባላል፤ ካውንቲው ሮስኮመን ነው። የካሪክ ባቡር ጣቢያ ራሱ ያለው እዚያ ማዶ ነው። ተከራይህ ከቤቱ ወጥቶ ጣቢያው በእግሩ ከደረሰ፣ ወንዙ የማንን ካውንቲ ከማን እንደለየ ጉዳዩ አይደለም። አንተ ወሰን ስትጠብቅ ሌላው ቤቱን ይገዛዋል።

«ያየሁት ቤት ግን በዚያ ዋጋ ስጦታ ነው!»

ስጦታውን ጎረቤቱ ለምን አልወሰደውም?

ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ፊታቸውን የሚያኮሳትሩብኝ አሉ፤ ያኮሳትሩ። እዚያ አገር ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቶ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት አይችልም። በ1998 መንግሥት ለላይኛው ሻነን አካባቢ የግብር ማበረታቻ አወጣ። ሊትሪምና ሎንግፎርድ ሙሉ በሙሉ፣ ካቫን፣ ሮስኮመንና ስላይጎ በከፊል ገቡበት። ቤት ገዝቶ ያከራየ ሰው የግንባታውን ወጪ ከኪራይ ገቢው ላይ እየቀነሰ ግብሩን ያቀላል። ሐሳቡ እየተራቆተ ያለውን ገጠር መልሶ በሰው መሙላት ነበር፤ የሞላው ግን ብሎኬት ነው። ብዙው ባለሀብት የገዛው ቤት ሳይሆን የግብር ቅናሽ ነበርና ተከራዩ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቀም። 2008 ሲመጣ ባንኩም ገንቢውም ተያይዘው ወደቁ። በ2010 ሲቆጠር በመላ አገሪቱ ጅምር ላይ የቀሩ የመኖሪያ መንደሮች ከ2,800 በላይ ሆነው ተገኙ፤ ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር ሊትሪም ግንባር ቀደም ነበረች። መንገዱ ያላለቀ፣ ፍሳሹ ያልተገናኘ መንደር ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ብድር ተሸክመው የቀሩት እነዚያ ባለሀብቶች አይደሉም፤ አንዲቷን ቤት ለመኖሪያ ብለው የገዙት የአካባቢው ልጆች ናቸው። ይህ ዛሬም ያናድደኛል።

«እሱ ያለፈ ታሪክ ነው።»

በ2022 ቆጠራ ሊትሪም ውስጥ ከመቶ ቤት 12 ያህሉ ባዶ ነበሩ። የመዝናኛ ቤቶቹን ሳይጨምር ማለት ነው።

«ታዲያ በዚያው አፍ የሚከራይ ቤት ጠፋ ይሉናል!»

እሱም እውነት ነው። ባዶው ቤት ያለው ዳገቱ ላይ ነው፤ ቤት ፈላጊው ያለው ከተማው ውስጥ። ባዶው ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ ቤት ፈላጊው ሕፃን ይዟል። ገንዘብ ያለው ሰው ማገናኘት ያለበት እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ሥራው ይኸው ነው።

«ያየሁት ጎጆ ግን ከመስኮቱ ሎክ አለን ሐይቅ ወለል ብሎ ይታያል!»

ሐይቁ ኪራይ ይከፍላል?

«ለጎብኚ በየሌሊቱ አከራየዋለኋ!»

በጋውን አዎ፤ ጀልባው በሻነን ላይ እስካለ ድረስ። ቅዳሜና እሑድም ካሪክ ከሠርግ በፊት ሊጨፍሩ በሚመጡ ሚዜዎች ትሞላለች። ጥር ላይስ? ማክሰኞስ? እኔ የምለው ደግሞ ከዚህም ያልፋል፦ ነርሷና አስተማሪው ዓመት ሙሉ የሚኖሩበት ቤት ሲያጡ፣ ያለውን ለሦስት ሌሊት እንግዳ መቸብቸብ ከተማዋን ያደርቃታል። ከተማ ከደረቀች ያንተም ቤት አብሮ ይደርቃል።

«መሬት ገዝቼ ራሴ ብሠራስ?»

አፈሩን አይተኸዋል? የእኛ ዋልካ ዘመድ ነው፤ ውኃ አያሳልፍም። ገጠር ውስጥ ቤት ለመሥራት ፍሳሹ መሬት ውስጥ እንደሚሰርግ በምርመራ ማሳየት ግድ ነው፤ የሊትሪም አፈር ደግሞ ያንን ምርመራ እየጣለ ስንቱን የአገሬውን ልጅ በአባቱ መሬት ላይ ቤት እንዳይሠራ አስቀርቶታል። ስለዚህ ደላላው ኦክሽነር ስለ መኝታ ክፍሉ ሲያወራልህ አንተ ስለ ሴፕቲክ ታንኩ ጠይቀው፤ የት ነው፣ ተመዝግቧል ወይ፣ ከማን መሬት ሥር ነው የሚያልፈው? ከከተማ ፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ ቤት እዚያ አገር ከሐይቅ እይታ ይበልጣል።

«መንግሥት እኮ ለአሮጌ ቤት 70,000 ዩሮ እየሰጠ ነው!»

ለፈራረሰው እስከ 70,000፣ ባዶ ለቆየው እስከ 50,000። ከግንቦት 2023 ወዲህ ለኪራይ ለሚውል ቤትም ይሰጣል፤ ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ቤቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት ባዶ የቆየና እስከ 2007 ድረስ የተሠራ መሆን አለበት። ገንዘቡ የሚመጣው ሥራው አልቆ ከታየ በኋላ ነው፤ ለግንበኛው ቀድሞ የሚከፍለው ያንተ ኪስ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሸጥክ ሙሉውን፣ እስከ አሥር ዓመት ባለው ደግሞ ከመቶ 75ቱን ትመልሳለህ። ጥገናውን ከጨረስክ በኋላም ያቺ ጥያቄ እዚያው ናት፦ ተከራዩስ የት አለ?

«ባንኩ ያበድረኛል፤ ምን አስጨነቀህ!»

ለኪራይ ለሚገዛ ቤት ከዋጋው ከመቶ 70 በላይ ማበደርን የማዕከላዊ ባንኩ ደንብ በመደበኛው ይከለክላል። ሠላሳው ያንተ ነው።

«ኪራዩን በየዓመቱ እጨምራለሁ።»

ከሰኔ 2025 ጀምሮ የጭማሪው ገደብ መላ አገሪቱን ይዟል፤ ሊትሪምንም። ሂሳብህን ዛሬ በሚገኘው ኪራይ ሥራ።

አሜሪካ ያሉ አንድ ጋሼም አሉ፤ «ልጄ፣ ኪራዩ ባንኬ እየገባ እኔ ሜሪላንድ ቁጭ እላለሁ» ይሉኛል።

ጋሼ፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ነዋሪ ከሆነ ተከራዩ ከኪራዩ ከመቶ 20 ቀንሶ ለአየርላንድ ገቢዎች ማስገባት አለበት፤ ወይም እርስዎ እዚያው ወኪል ይሾማሉ። ቀሪው በዓመቱ መጨረሻ ይታሰባል።

«መኖሪያ ፈቃዱንስ? ቤት የገዛ ሰው ያገኛል ብለውኝ ነበር።»

ውሸት ነው፣ ጋሼ። ቤት መግዛት የሚከለክልዎት የለም፤ ቤቱ ግን ቪዛ አይሰጥም። ያን የነገረዎት ሰው ሌላ የሚሸጥልዎት ነገር አለው።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። «ቤቱን በነሐሴ አይቼዋለሁ፤ ደረቅ ነው።»

በጥር እየው። በኅዳር 2009፣ ቀጥሎም በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ ሻነን ከአልጋው ወጥቶ ካሪክን ያጥለቀለቀበት ጊዜ ነበር። የመንግሥት ሕዝባዊ ሥራዎች ቢሮ የጎርፍ ካርታ በነፃ አውጥቷል፤ ጎርፍ የነካው ቤት ኢንሹራንስ ሊከለከል ይችላል። ሰሜኑን ከመረጥክ ደግሞ መሐንዲሱ ብሎኬቱን ይመርምርልህ። ጎረቤት ዶኒጎል ውስጥ በተበላሸ ብሎኬት የተሠሩ ቤቶች ግድግዳቸው እየተሰነጠቀ ፈርሰዋል፤ ስላይጎም ዘግይታ መንግሥት ለእነዚህ ቤቶች ባወጣው የካሳ መርሐ ግብር ገብታለች። ብሎኬት የጫነ መኪና ካውንቲ ድንበር ላይ አይቆምም። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው፤ ለመርማሪ የሚከፈለውን ገንዘብ የሚሰስት ሰው ቤት ባይገዛ ይሻለዋል።

«ይህን ሁሉ ከልክለህ የት ግዛ ትለኛለህ?»

መጀመሪያ ካሪክና ኮርቶበር። ባቡሩ አለ፤ ትምህርት ቤቱ አለ፤ ሥራም አለ። አሜሪካዊው ኤምቢኤንኤ ባንክ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከከፈተው የካርድ አገልግሎት ማዕከል የተወረሰው የፋይናንስ ሥራ ዛሬም በአቫንት መኒ ስም እዚያው ነው። ባለሦስት መኝታ፣ ከመሐል ከተማው በእግር የሚደረስ፣ ጌጥ የሌለው ተራ ቤት። ቀጥሎ ማኖርሃሚልተን፤ ከስላይጎ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የጤና ሠራተኛ ይከራያታል። ድራምሻንቦን እወዳታለሁ። ጃም ፋብሪካዋ የተዘጋባት ከተማ በቦታው ለምግብ አምራቾች ማዕከል አቋቁማ፣ በ2014 ደግሞ የአረቄ ፋብሪካ ተከፍቶላት ዳግም የቆመች ናት፤ ግን ትንሽ ናትና አንድ ቤት ይበቃሃል። ድሮሞድ ባቡር ጣቢያ ስላለው ብቻ ይታያል። የቀረውን እዚያው ተወልዶ እዚያው መኖር ለሚፈልግ ወጣት ተውለት፤ ዋጋውን አታስወድድበት።

«ኮርቶበር አንድ ቤት አይቻለሁ። ኦክሽነሩ ‹ዛሬ ካልወሰንክ ይሄዳል› ብሎኛል።»

ይሂድ። ከ2010 ጀምሮ የተሸጠ ቤት ሁሉ ዋጋው በሕዝብ መዝገብ ላይ ተጽፎ በነፃ ይነበባል፤ ዛሬ ማታ የዚያን መንገድ ቤቶች አንድ በአንድ አንብብ። ነገ ከጣቢያው እስከ ቤቱ በእግርህ ሂድ። መሐንዲሱን ላክ፤ ጠበቃው የይዞታ ወረቀቱን ይይ። ከዚያ ደውልልኝ።