ግዳይ በቪኤይት

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ደርሶ፣ «ጋሼ፣ ለአደንና ለአስቸጋሪ አገር የሚሆን መኪና ይምረጡልኝ» አለኝ።

ሲኒዬን ከንፈሬ ላይ አቆምኩት። ይህ ልጅ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ አለ ከተባለ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ በልቶ ሳይመሽ የሚመለስ ነው፤ እሱንም በክፍያ መንገዱ።

«ጠመንጃ አለህ?» አልኩት።

«የለኝም።»

«የአደን ፈቃድስ?»

«ኧረ ጋሼ!»

«ታዲያ ምን ልታድንበት ነው?»

ሳቅ አለና፣ «እንደው ሲያዩት የሚያድን የሚመስል ማለቴ ነው» አለኝ።

ይሄኔ ልጁ ከእኔ እንደሚበልጥ ገባኝ። የዕድሜዬን እኩሌታ በመስክ መኪና ውስጥ ስንገጫገጭ ኖሬ፣ መኪና ለመሄድ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ያስተማረኝን ላስተምር። ለአስቸጋሪ አገር መኪና መግዛት ያሰበ ሁሉ ይስማኝ።

መኪና የሚመረጠው በሚሄድበት አገር ነው። የዘመናችን አዳኝ አገር ከሲኤምሲ ይነሳል፣ በመገናኛ ያደርጋል፣ ቦሌ ላይ ያበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና ደጋ ነው፤ አስፋልት ነውና ሜዳ ነው። የአገሩ ዋነኛ አውሬ ደግሞ የሆቴል ዘበኛ ይባላል። ይህ አውሬ በጣም ንቁ ነው፤ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ይለያል። አንድ ቀን በባልንጀራዬ ቪትዝ አንድ ሆቴል በር ላይ ደረስኩ። ዘበኛው እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ አገጩን ብቻ ወደ አስፋልቱ ቀና አድርጎ «ሞልቷል» አለኝ። በማግስቱ ያንኑ ኮት ለብሼ፣ ያንኑ ሽበቴን ይዤ፣ በመሥሪያ ቤቱ ቪኤይት፣ በትልቁ ላንድክሩዘር ሄድኩ። ፍሬን ሳልይዝ ሰንሰለቱ ወደቀ። ሰላምታም ተሰጠኝ፣ እግር ተጋጥሞ። ሞልቷል ያለኝ ቦታ በአንድ ሌሊት ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ግዳይ ማለት ይህ ነው። አባቶቻችን አንበሳ ገድለው ጎፈር ይለብሱ ነበር፤ እኛ ሰንሰለት እናስወድቃለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፦ ሃርድቶፕ እንዳትገዙ።

ሃርድቶፕን የማያውቅ የለም። ቶዮታ ይህን 70 የሚባለውን የላንድክሩዘር ዘር ያወጣው እንደ ፈረንጅ በ1984 ነው፤ መልኩ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። በእኛ አገር የሚታወቀው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ ተርቦ የለውም፣ ኮምፒዩተር የለውም። ቢበላሽ የገጠር ከተማ መካኒክ በመፍቻና በሽቦ ያስነሳዋል። የኋላው ባሌስትራ ነው፤ እህል ቢጫን አይልም፣ በሽተኛ ቢጫን አይልም። ኦሞ ሄዷል፣ አፋር በረሃ ሄዷል፣ ጋምቤላ ሄዷል። ነውሩም ይኸው ነው፤ ሥራ ያስመስላል። በሃርድቶፕ ሰርግ የሄደ ሰው ድንኳን ይዞ የመጣ ነው የሚመስለው። የድሮው ሃርድቶፕ ላይ ደግሞ የፊት ጎማዎቹን ለማስያዝ ሾፌሩ ወርዶ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ፣ የጎማውን እምብርት በእጁ ማዞር አለበት። ጨዋ ሰው ይህን ለማን ይነግራል?

ትንሿን ሱዙኪማ አታንሱብኝ። ቀላል ናት፣ ጠባብ መንገድ ትገባለች፣ ብትያዝ ሁለት ጎረምሳ ገፍቶ ያወጣታል። ሁለት ጎረምሳ የሚያወጣው መኪና ምን ክብር አለው? እውነተኛ የመስክ መኪና ሲያዝ ቀበሌው በሙሉ መውጣት አለበት።

እንግዲህ የሚቀረን ቪኤይት ነው። ስሙ ራሱ ዜማ አለው። ስምንት ሲሊንደር፣ አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ፤ የናፍጣው 4.5 ሊትር፤ ክብደቱ ባዶውን ሁለት ቶን ተኩል ገደማ። እንደ ፈረንጅ በ2021 አዲሱ 300 የተባለው ሲመጣ ቶዮታ ስምንቱን ሲሊንደር ወደ ስድስት አውርዶታል። እኛ ግን አልተቀበልነውም፤ እሱንም ቪኤይት ብለን እንጠራዋለን። ሁለቱን ሲሊንደር ከኪሳችን እንጨምርለታለን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህማ ክብሩ ጨምሯል፤ እንደ ደጋ አጋዘን ሊጠፋ ነው ተብሎ የሚሳሳለት አውሬ ሆኗል።

ደጋ አጋዘንን ካነሳሁ አይቀር፣ የእህቴ ልጅ ተስፋ እንዳይቆርጥ የደበቅሁትን አንድ ነገር ልናገር። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም፤ የባሌና የአርሲ ተራሮች ልጅ ነው። አንዱን ወንድ ደጋ አጋዘን በሕጋዊ ፈቃድ ለመግደል ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ሰዎች ጉዞውን ሁሉ ጨምሮ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣሉ። ታዲያ እነዚህ ባለጸጎች መኪናውን የት ያደርሱታል መሰላችሁ? ካምፑ በር ላይ ያቆሙታል! ከዚያ በኋላ በፈረስና በእግር ነው። መኪናው ዱቄትና ድንኳን አራግፎ ዛፍ ጥላ ሥር ይተኛል። የባሌ ፈረስ ቁመቱ ከቪኤይት ኮፈን ብዙም አይበልጥም፤ ቸርኬ የለውም፣ መስታወቱ አይጠቁርም። ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ በፈረስ መሄድ! ምነው የሚመክራቸው ሰው ጠፋ?

አባቶቻችንም ቢሆኑ በዚህ ነገር ብዙ አልተራቀቁም። አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወራት ፈጀ፤ በ1860 ዓ.ም. ከአምባው አደረሱት። ዘዴያቸው ምን ነበር? ከመድፉ ፊት ፊት መንገድ ማስጠረግ። ምኒልክ ዘንድ በ1900 ዓ.ም. የደረሰችው የእንግሊዟ መኪናም ከጅቡቲ ተነስታ በረሃውን አቋርጣ፣ ተራራውን ወጥታ ነው፤ ያውም በሁለት የኋላ ጎማ ብቻ እየተገፋች። ዛሬ ያንን ጉዞ ለአንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ብናቀርብለት፣ ሦስት ቪኤይት፣ አንድ አጃቢና የውሎ አበል ይጠይቃል። መንገድ ማስጠረጉን ግን አይጠይቅም፤ መንገዱ ከተጠረገማ መኪናው በምን ይገዛል?

የጨረታ ሰነድ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? «ለአስቸጋሪ መልክዓ ምድር አመቺ የሆነ» ይላል። ይህች ሐረግ ተአምር ትሠራለች። አስቸጋሪው መልክዓ ምድር ወረዳው ላይ ይቀራል፤ አመቺው ዋና መሥሪያ ቤት ይቀራል። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያንኑ መልክዓ ምድር በላስቲክ ጫማ ያቋርጡታል፤ ክትባት በትከሻ ተሸክመው፣ ክረምት ከበጋ። ለእነሱ ቪኤይት ቢሰጣቸው የት ያቆሙታል? ደጃፋቸው ላይ ዘበኛ የለ፣ ሰንሰለት የለ። ንብረት ማባከን ይሆናል።

ቪኤይት ገጠር ወጥቶ አያውቅም እንዳትሉኝ፣ እኔው ራሴ አብሬ ወጥቻለሁ። ሐምሌ ነበር። ከደብረ ብርሃን ተገንጥለን፣ እነዋሪን አልፈን ወደ አንድ ቀበሌ። የጅሩን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በበጋ ተሰንጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት ጎማ ይዞ አይለቅም። አለቃችን ለጉዞው ብለው ባለ ብዙ ኪስ የአዳኝ ሰደርያ ገዝተው ነበር። ኪሶቹን ስቆጥራቸው አሥራ አራት ናቸው፤ ያለባቸው አንድ ስቴኪኒ ነው። መኪናው ላይ የፋብሪካው ጎማ ወልቆ፣ በቦታው የሚያብረቀርቅ ትልቅ ቸርኬ ላይ እንደ ቀበቶ የቀጠነ የከተማ ጎማ ገብቶለታል። ያው ያምራል።

ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ቀጥ አልን። ሾፌሩ ነዳጅ ሰጠ፤ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶት ጎማው የተላጨ ራስ መሰለ። ከኋላችን አንድ አይሱዙ፣ ጤፍ ነጋዴዎች ጭኖ፣ የኋላ ጎማው ላይ ሰንሰለት አስሮ እያጉረመረመ ደረሰ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«ወንድም፣ ይሄ ከባድ ማርሽ የለውም እንዴ?» አለው።

«አለው።»

«ታዲያ አታስገባውም?»

የእኛ ሾፌር በመስታወት ወደ ኋላ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ላስቲኩ እንዳይነሳ ተብሏል» አለ።

እውነቱን ነው። ከመሪው አጠገብ ያለችው የከባድ ማርሽ ማዞሪያ ከፋብሪካ በመጣችበት ላስቲክ እንደተሸፈነች ነበረች። ወንበሩም፣ የበሩም መያዣ እንዲሁ። መኪናው ከተገዛ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አለቃችን ላስቲክ የተነሳለት መኪና ዋጋው ይወርዳል ብለው ያምኑ ነበር፤ የማን ዋጋ እንደሚወርድ ግን ተናግረው አያውቁም።

አይሱዙው አልፎን ሄደ። ቆይተው አንድ አዛውንት ጥማድ በሬያቸውን እየነዱ መጡ። መኪናውን ዙሪያውን ዞሩት። የፊቱን መብራት በዘንጋቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ጉልበቱ ስንት ነው ይሄ?»

«ከሁለት መቶ ፈረስ በላይ ነው አባባ» አለ ሾፌሩ፣ ኩራት ቢጤ ይዞት።

አዛውንቱ ጭቃውን አዩ፣ በሬዎቻቸውን አዩ። «ፈረስማ እዚህ አይሆንም» አሉ።

በሬዎቹ አወጡን። አለቃችን ለአዛውንቱ ከአሥራ አራቱ ኪስ አንዱን ፈትሸው ገንዘብ አጡና ከሾፌሩ ተበድረው ሰጡ። ከዚያ ጭቃ የተለወሰው መኪና አጠገብ ቆመው፣ አንድ እግራቸውን ጎማው ላይ አሳርፈው ፎቶ ተነሱ። ፎቶው የዓመቱ ሪፖርት ሽፋን ላይ ወጥቷል። በሬዎቹ ተቆርጠው ወጥተዋል። መኪናውም አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለሦስት ቀን እንዳይታጠብ ታዘዘ፤ ግዳይ የጣለ ሰው ደሙን ቶሎ አይታጠብማ።

ወደ ጌጣጌጡ ልመለስ፣ ልጁ ቸኩሏል። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ የግድ ነው፤ ባዶውን ግን። ከመስታወቱ ጎን ወደ ላይ የሚወጣው ጥቁር የአየር ቱቦ ወንዝ ሲሻገሩ ሞተሩ ውኃ እንዳይስብ የተሠራ ነው፤ ለእኛ ክረምት ላይ ቱቦው ለተደፈነ አስፋልት ይጠቅማል። ዊንች ፊቱ ላይ ይታሰርለት፤ ገመዱን ስቦ የሚያውቅ ሰው ባይኖርም ያስፈራራል። ቀለሙ ነጭ ይሁን። የእርዳታ ድርጅቶቹ ያንን ረጅም ነጭ የራዲዮ አንቴና ፊት ላይ ተክለው፣ ጫፉን ወደ ኋላ ደግነው ሲያስሩት ምን ያህል እንደሚያምር የእህቴ ልጅ ልብ ብሏል። «አንቴናውን ያለ ራዲዮው ይሸጡልኛል?» ብሎኛል። ደላላው ይገኛል ብሏል።

የኤሌክትሪክ መኪና ይሻልሃል ያሉት ጓደኞቹም ነበሩ። ድምፅ የለውማ! ድምፅ የሌለው መኪና ለእውነተኛ አዳኝ ነው የሚመቸው፤ አውሬው ሳይሰማው ይጠጉታል። የእኛ አውሬ ግን ካልሰማ ሰንሰለቱን አያወርድም።

ገዛው። ሊብሬው በስሙ ከዞረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ተያዝኩ።»

ደስ አለኝ። በመጨረሻ ወጣ ማለት ነው። «የት? ሳነቴ ነው? ሐረና?»

«ቦሌ ነኝ። የሕንፃው ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ።»

ቁልቁለቱን ሲወርድ ፖርቶመጋላው ከኮንክሪቱ ማገር ጋር ገጥሟል። ወደፊት አይል፣ ወደኋላ አይል። ከኋላው አምስት ቪትዝ ተሰልፎ ጡሩንባ ይነፋል። ስምንቱ ሲሊንደር ያገሳል፣ የጠበበው ምድር ቤት በጭስ ታፍኗል።

ዕድሜ ልኬን የተማርኳት የበረሃ ጥበብ ትዝ አለችኝ። አሸዋ ላይ የተያዘ መኪና ከጎማው አየር ይቀነስለታል።

«ጎማውን አስተንፍሰው» አልኩት። «አራቱንም። ዝቅ ይልልሃል።»

«በምን ጋሼ?»

«በክብሪት እንጨት።»

ስልኩን ሳይዘጋው ወረደ መሰለኝ። ፉጨት የመሰለ ነገር ሰማሁ፤ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ የዘበኛው ድምፅ መጣ፣ በዚያ ሁሉ ጡሩንባ መሃል፦ «ና... ና... ና... ቀጥ! ጎሚስታ ጥሩ!»