«ወፍ የለም»፦ በወለንጪቲ የቅዳሜ ፎቶ አንሺዎች ላይ የተደረገ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

በሀገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቅዳሜ ጠዋት ካሜራውን አንግቶ ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ የወረደ ሰው፣ ማታ ሲመለስ «እንዴት ነበር?» ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ወፍ የለም!» አባባሉ በከተማው ቋንቋ «ምንም ነገር የለም» ለማለት እንደሚውል አጥኚው አይስተውም። ፎቶ አንሺው ግን ቃል በቃል መናገሩ ነው። ከ800 በላይ በሆነው ወፍና በአንዲቷ «የለም» መካከል ያለው ክፍተት የዚህ ጥናት ችግር ሆኖ ተመርጧል።

የጥናቱ ቦታና ዘዴ

ወለንጪቲ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት። በመሃሏ የጅቡቲ ከባድ መኪና ሌት ተቀን ያልፋል። ፎቶ አንሺዎችም እንዲሁ ያልፉባታል እንጂ አይወርዱባትም፤ ዓይናቸው ያለው ወደፊት፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባሉት ሳላዎች ላይ ነው። እዚህ የሚቆሙት ጎማ ሲተነፍስ ብቻ ነው። የጥናቱ ቦታ የተመረጠውም በዚሁ መንገድ ነው።

ናሙናው አጥኚውን ጨምሮ አራት ሰዎች ሲሆኑ፣ የተወሰደው በዓላማ ተኮር የናሙና አመራረጥ ነው። ዓላማው ባዶ ወንበር ያለው መኪና ማግኘት ነበር።

ግኝት አንድ፦ ስለ ሰዓት

ቡድኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሊነሳ ተስማምቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነስቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተረፈው ጊዜ በሙሉ አዳማ ላይ ለቁርስ ውሏል። ጥብስ ፍርፍር ታዘዘ፤ ቡና ተደገመ፤ ትሪው ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ተነሳ። ጎማው ወለንጪቲ መግቢያ ላይ ሲተነፍስ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የቆላ ወፍ ሥራውን የሚሠራው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ረፋዱ ሲግል ጥላ ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ግራር ሥር ያለ ወፍ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ከመሬቱ የሚነሳው ወላፈን ደግሞ በረጅሙ ሌንስ የሚታየውን ሁሉ እንደ ውኃ ያርገበግበዋል። ገንዘብ ጨምሮ የተሻለ ሌንስ መግዛት ይህን አይፈታውም።

ስለዚህ ወፏ ነበረች። ያልነበረው ሰውየው ነው፤ ቁርስ ላይ ነበር።

ግኝት ሁለት፦ ስለ ስም

ጎማው እስኪቀየር ቡድኑ ግራር ሥር ቆመ። አንዲት ወፍ ወርዳ ከእግራቸው ሥር ፍርፋሪ መልቀም ጀመረች። ጀርባዋ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካንማ፣ ደረቷ ላይ ነጭ መቀነት የታጠቀች፣ ዓይኗ ነጭ። ሳይንስ ላምፕሮቶርኒስ ሱፐርበስ ይላታል። ቡድኑ «ወፍ» አላት። በአጠገቡ የሚያልፍ ልጅ ሲጠየቅ በኦሮምኛ «ሲምቢሮ» አለ፤ ወፍ ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ትልቅ ነገር ሰማዩ ላይ ዞረ። ቡድኑ «አሞራ»፣ ልጁ «አላቲ» አለ። በዚህም ሁለቱ ቋንቋዎች ሙሉ ስምምነት ላይ መድረሳቸው ተረጋግጧል፤ ትንሹ ወፍ፣ ትልቁ አሞራ።

ይህ የቃል ድህነት አይደለም። ያው ሕዝብ የከብቱን ቆዳ ቡላ፣ ዳማ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ እያለ ከሩቅ ለይቶ ይጠራል። አጥኚው የተለየ ስም ያላቸውን ወፎች መርምሮ የሚከተለውን ሕግ አግኝቷል፦ ወፍ ስም የሚወጣለት ወይ ስንበላው ነው (ቆቅ፣ ጅግራ)፣ ወይ የእኛን ሲበላብን (ጭልፊት)፣ ወይ ክፉ ያወራብናል ብለን ስንፈራው (ጉጉት)። እርግብ በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ገብታለች። ሰማያዊዋ ወፍ አልተበላች፣ ጫጩት አልወሰደች፣ ሞት አላወራች፤ ስለዚህ ፋይል አልተከፈተላትም።

ለማነጻጸር ያህል፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እርኩምን በሥዕል አውጥቶ በሀገሬው ስሙ መዝግቦታል። ካሜራ አልነበረውም፤ ጠይቆ ጻፈ።

ግኝት ሦስት፦ ስለ አህያ

ወፍ ሲጠፋ ፎቶ አንሺ ወደ «ዕለት ተዕለት ሕይወት» ይዞራል። የዕለት ተዕለት ሕይወት በወለንጪቲ ቢጫ ጀሪካን የጫነ የአህያ ጋሪ ነው። አህያ አትበርም፣ ጥላ ፍለጋ አትሸሽም፣ ፎከስ እስኪገባ ትጠብቃለች። አራቱም ካሜራዎች አንዲቷ አህያ ላይ ሲያነጣጥሩ ባለ ጋሪው ወረደ።

«ወንድሜ፣ አህያዋ ምን ሆነች?»

«ለጥናት ነው።»

«ባለፈውም ለጥናት ብለው ጀሪካኑን ቆጥረው ሄዱ። ውኃው ግን እስካሁን አልመጣም።»

ይህ መልስ ከጥናቱ ወሰን ውጭ በመሆኑ አልተተነተነም።

ከአህያ ቀጥሎ በትዕግሥት የሚታወቀው በሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚቆመው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ነው። ያነሱት ሁሉ «እግሩ እንዴት ነጭ ነው!» ይላሉ። እግሩ ጥቁር ግራጫ ነው። ነጩ ሙቀት ለማብረድ በራሱ እግር ላይ የሚለቀው ኩስ ነው። ፎቶው ቤት ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ይህን ለእንግዳ መንገር አለመንገሩ የግል ውሳኔው ነው።

ግኝት አራት፦ ስለ ጣራው

ጎማው ተቀይሮ ዕቃ ሲጫን አጥኚው ቀና አለ። በአጠገቡ ባለ ሥጋ ቤት ጣራ ላይ፣ ቆርቆሮው ጫፍ፣ ሦስት ሜትር በማይሞላ ርቀት አንድ ጥንብ አንሳ ተቀምጧል። ፊቱ የተላጠ፣ ምንቃሩ ቀጭን፤ ከማጅራቱ እስከ አናቱ ያለው ቡናማ ለስላሳ ላባ ቆብ የደፋ አስመስሎታል። የሳይንስ ስሙ ኔክሮሲርቴስ ሞናኩስ ነው፤ ሞናኩስ መነኩሴ ማለት ነው። አጥንት እስኪጣል እንደ ስሙ በጽሞና ይጠብቃል።

አጥኚው ካሜራውን አነሳ። ከበሩ ቆሎ የሚሸጡ እናት አዩት።

«ልጄ፣ ሰው ጠፍቶ ነው አሞራ የምታነሳው?»

አጥኚው አፍሮ ካሜራውን አወረደ። ቡድኑ ሳላ ፍለጋ ወደ አዋሽ ቀጠለ።

ቤት ተመልሶ ሲያጣራ ያገኘው የሚከተለው ነው። ይህ ጥንብ አንሳ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ውስጥ ከዱር ለመጥፋት አንድ ደረጃ ብቻ በቀራቸው ፍጥረታት ተርታ ገብቷል። ሊያዩት ያን ያህል መንገድ የሄዱለት ሳላ እንኳ የዚህን ያህል አልደረሰም። በአፍሪካ ብዙ ቦታ መርዝ በተነከረ ሥጋ እያለቀ ነው፤ ለባህል መድኃኒትም ይታደናል። እኛ ዘንድ ግን ገና ከሥጋ ቤትና ከቄራ ጣራ አልወረደም፤ የተጣለውን እያነሳ ያለ ደመወዝ ያጸዳል።

የመፍትሔ ሐሳብ

አንደኛ፣ ቁርስ ከወፉ በኋላ ይሁን። ሁለተኛ፣ አህያ ከመነሳቷ በፊት ባለቤቷ ይጠየቅ፤ ስለ ውኃውም ይሰማ። ሦስተኛ፣ ስም የሌላት ወፍ ስትገኝ ከማንሳት በፊት የአካባቢው ሽማግሌ ይጠየቁ፤ ምናልባት ስም የለሽ የመሰለችን እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን ይሆናል። አራተኛ፣ በየከተማችሁ ሥጋ ቤት ጣራ ላይ ያለውን አሞራ አንሱት፤ ቀንና ቦታም ጻፉበት። ሰው አልጠፋም። እሱ ግን እየጠፋ ነው።

አጥኚው በዕለቱ 96 ፎቶ አንስቷል፤ 22ቱ የጥብስ ፍርፍር፣ 41ዱ የአህያ፣ የቀሩት የባዶ ግራር ናቸው። ጥንብ አንሳው አንዱም ላይ የለም።