የአቶ ውኃ ጨምርበት አጭር የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ ጃንጥላችሁን እንደዘረጋችሁ ስሙኝ።

ሟች አቶ ውኃ ጨምርበት ከአባታቸው ከአቶ ርኅራኄ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ችኮላ፣ ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ስትባል ተወለዱ። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ያልገቡበት ቤት ግን የለም። ሥራቸውን በተሰበረ እንስራ ጀምረው ወደ ኒዶ ጣሳ ተሸጋገሩ። ጣሳ ውስጥ ጤና አዳም የተከለ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቅጠል ቢጫ ሲል ቀድመው የሚደርሱት እርሳቸው ነበሩ፦ «ጠምቶት ነው፤ ጨምርበት!» ሲጠወልግም ያው፣ ሲረግፍም ያው። ደርቆ ካበቃ በኋላ እንኳ አንድ ኩባያ አይቀርበትም ነበር።

ቸርነታቸውስ! የሲኒ እጣቢ፣ የጀበና አተላ፣ ያደረ ሻይ፣ ሁሉም ማረፊያው ጣሳው ነበር። የጣሳውን ቂጥ በምስማር ብሱት የሚሉትን ግን አምርረው ይጠሉ ነበር፤ ወለል ያበላሻል ባይ ናቸው።

በክረምት እንኳ ሥራ አልፈቱም። ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች ከተማ፣ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ስትጠፋ የጣሳ አፈር በቀላሉ አይደርቅም። ጤና አዳም ደግሞ ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ወዳድ ነው። ሟች ይህን ከቁብ ሳይቆጥሩ፣ ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ የጎደለውን በእጃቸው ሞሉ።

ሙት ወቃሽ አትበሉኝ እንጂ ሥር አየርም ይሻል። ውኃ በአፈሩ ውስጥ የአየሩን ቦታ ሲይዝበት ታፍኖ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ አይችልምና ተክሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ እንደተጠማ ይጠወልጋል። ሟች ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት በዚህች ነገር ነው፤ የገደሉት ሁሉ የተጠማ ይመስላቸዋል፣ ደግመው ያጠጡታል። ከዚህ የበለጠ የማያልቅ እንጀራ አላየሁም።

ቢጫ ሁሉ የእርሳቸው ሥራ ነው አልልም። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ቀስ በቀስ ሲገረጡ ናይትሮጅን አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ተክሉ ካረጀው ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣልና። የለጋው ቅጠል ደም ሥሮች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ከሆነ ደግሞ የብረት እጥረት ይጠረጠራል። ይህን ሲነግሯቸው «እሺ፣ ለማንኛውም ጨምርበት» ይሉ ነበር።

የሞታቸው ምክንያት ጣት ነው። አንዲት ጎረቤት ሌባ ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ብትሰድ፣ ከላይ የደረቀው ከታች የሚሸት ጭቃ ሆኖ አገኘችው። ተክሉን ነቅላ፣ የጠቆረውን ሥር በመቀስ ቆርጣ፣ ጣሳውን በስታ፣ አሸዋ በተቀላቀለ አፈር መልሳ ተከለችና ፀሐይ የሚያገኘው ደጅ አኖረችው። ከዚያ ወዲያ ጣቷ ደረቅ አፈር ሳይነካ አንዲት ጠብታ አልሰጠችውም። ቢጫው ቅጠል ረገፈ፤ አንዴ ከገረጣ እምብዛም አይመለስም። አዲሱ ግን ለምልሞ ወጣ። ሟች ይህን ባዩ ጊዜ ኩባያው ከእጃቸው ወደቀ።

አቶ ውኃ ጨምርበት የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ልጃቸው ማዳበሪያ ጨምርበት ይባላል። ለበቆሎ ማሳ ከተገዛው ዩሪያ፣ 46 በመቶው ናይትሮጅን ከሆነው፣ በጭብጡ ዘግኖ ወደዚያችው ጣሳ ሲሄድ ዛሬ ጠዋት ታይቷል። ሲበዛ ሥር እንደሚያቃጥል ብንነግረው፣ ሐዘንተኛ ነውና አልሰማንም።

እድርተኞች፣ ድንኳኑን አታፍርሱት።